ሁለት ዓይን

ሠራተኛ ሰፈር፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣
አለቃ ልሳነወርቅ ሕግ ሲያስጨብጡ፦
«ደግ ሰው ስትሥል ሁለት ዓይን ስጠው፣
ፊቱን ወደኛ አዙር፣ እያየን እንየው።
ክፉ ሰው ሲሆን ግን በጎኑ አስቀምጠው፤
አንድ ዓይን ይበቃዋል፣ እሱም ሲበዛው ነው።»

ይህን ሕግ ይዤ ነው ባሕር የተሻገርኩት፣
በስልሳ ዓመቴ፣ የአማቼን ካፖርት ደርቤ፣ ለብርድ የተዋስኩት።
ጣልያን አገር ነው፤ ሥዕል አዳሾች ናቸው የጠሩኝ፣
«ቀለም አፈጫጭህን አሳየን» ያሉኝ።
እሑድ ሥራ የለም። በባቡር ሄጄ ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣
ኮረብታ ላይ ጉብ ካለች፣ ደወሏ ከሩቅ ከሚሰማ፣
ከቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ጫማዬን አውልቄ
ገባሁ በካልሲ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ተሳቅቄ።

ጠባቂዋ ሮጣ መጣች፤ እግሬን ያመመኝ መስሏት
ወንበር አቀረበች። ምን ብዬ ላስረዳት?
አሱንታ ይሏታል። ትርጉሙ ኋላ ነው የገባኝ፣
ፍልሰታ ማለት ነው፤ ያኔ የሰፈሬ ሰው መሰለችኝ።

ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። ከግድግዳው ላይ ትንሽ ሣጥን፣
አንድ ዩሮ ሲጎርስ ብቻ ይለቃል ብርሃን።
ሁለት ደቂቃ ያህል መላእክቱ ይታያሉ፣
ቀጭ ይላል፤ ከነክንፋቸው ይጠፋሉ።
እኛ ጋ መጋረጃ፣ እነሱ ጋ ሳንቲም፤
ቅዱስ ነገር የትም እንዲሁ አይገለጥም።

ሳንቲሜን ጣልኩ። ገብርኤል በራ።
በጎኑ!
አበባ ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ ድንግልን እያበሠረ፣
በአንድ ዓይን። ሆዴ ተሸበረ።
አማተብኩ። ይህ መልአክ ምን በድሎ ነው?
ሠዓሊውስ ምን አይቶበት ነው?
ሌላ ሳንቲም ጣልኩ፤ ዓይን አልተጨመረም።
ሦስተኛ ጣልኩ፤ ድንግልም ዞራ አላየችኝም።
በእኔ መብራት ጎብኚዎች ተሰብስበው
ጀርባቸውን ለገብርኤል ሰጥተው
ፎቶ ይነሳሉ፤ ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው።

የምሳዬ ገንዘብ እዚያው ሣጥን ቀረ።
አሱንታ አየችኝ። ከኪሷ አውጥታ አራተኛውን ራሷ ጣለች፣
አጠገቤ ቆመች።
እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም ዝም።

ልወጣ ስል፣ ከምሰሶው ኋላ፣
የብር ልብ፣ የብር እግር፣ የሕፃን ጫማ፣
የተሰነጠቀ የሞተር ሳይክል ሄልሜት፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ።
አስተርጓሚ አላሻኝም። ስለት ነው።
እኛ ዣንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ እንደምንለው፣
እሱም አስፋልት ላይ ተገልብጦ «ብታተርፊኝ» ብሎ የተሳለው።

አንዲት ባልቴት መጥታ የነሐሱን ሐዋርያ እግር
በግንባሯ ነካች። ጣቶቹ ከመሳም ብዛት ተሟልጨዋል፣
የአራዳ ጊዮርጊስ የበሩ መቃን እንደተሟለጨው።
ከጎኗ ሆኜ አየኋት፤
የሚታየኝ አንድ ዓይኗ ነው፣
ሌላኛው የእሱ ነው።

ይኸው ተመልሼ፣ ፒያሳ፣ ሊመሽ ሲል፣
ከጊዮርጊስ በታች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ።
ሱቄ የነበረበት ሰፊ መንገድ ሆኗል፤
አዲሱ መብራት ሳንቲም ሳይጠይቅ ይበራል።
ሰልፉ ይጠመዘዛል፤
ከማዶ አርባ ሰው በጎኑ ይታያል፦
ስልኩን የሚያይ፣ የቋጠረውን ሰማይ የሚያይ፣
ወደ ደብሩ ዞሮ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ።
አንድ ዓይን፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ዓይን።
በሕጉ ከሄድን ሰልፉ በሙሉ ገሃነም ነው።
ነፍስዎን ይማር፣ አለቃ፤ አንድ ነገር ሳይነግሩኝ ነው የሄዱት፦
ያ አንድ ዓይን ወዴት ነው የሚያየው?

ከኋላዬ ድምፅ፦ «አባባ፣ መጨረሻው እርስዎ ነዎት?»
የተማሪ ቦርሳ ያዘለች፣ ካፊያ የነካት ልጅ።
ዞርኩ፣ በሙሉ ፊቴ።
«ነበርኩ» አልኳት።